ቢጫው መወርወሪያ

የጋሽ እንድሪስን ሞት የሰማሁት በግራ ጆሮዬ ነው። እሳቸውም የሚሰሙት በግራው ብቻ ነበር።

መልእክቱ የደረሰኝ ከቀትር በኋላ ነው፤ የካምፓላ ሰማይ በናጉሩ በኩል ጠቁሮ እኛ ሰፈር፣ ኪሱጉ ላይ ዝናብ ሊጥል ሲያጉረመርም። የማላውቀው የኢትዮጵያ ቁጥር ነበር፤ ከቁጥሩ ሥር አንድ ደቂቃ ያህል የሚረዝም የድምፅ መልእክት አለ። የድምፅ መልእክት አልወድም። የተጻፈን ነገር በራሴ ጊዜ አነበዋለሁ፤ ድምፅ ግን ሰውየውን ከነትንፋሹ ክፍሌ ውስጥ ያስገባብኛል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋሁት። ተነሣሁ፤ መስኮቱን ዘጋሁ፤ መልሼ ከፈትኩት። በመጨረሻ ከበሩ ጀርባ ካለው ምስማር ላይ ያንን ቢጫ ፕላስቲክ አውርጄ የጆሮ ማዳመጫውን ጫፍ ሳብኩ። ገመዱ አንድም ቦታ ሳይያዝ ተተርትሮ ወረደ።

«መምህር፣ እንደምን ዋሉ? ሐያት ነኝ፤ የእንድሪስ ልጅ። አባቴ ወደ አኼራ ከሄደ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው…»

መልእክቱ አላለቀም ነበር፤ እኔ ግን እዚህ ላይ አቆምኩት። የቀረውን ከመስማቴ በፊት ሰውየውን እንደማውቃቸው አድርጌ ልጻፋቸው ብዬ ተቀመጥኩ። ይህ ከሆነ ሁለት ቀን አለፈ። እስካሁን ሞታቸውን በዚህ ግቢ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ግቢያችን ስድስት ክፍል ነው። ከዋናው በር አጠገብ ያሉትን ሁለቱን አከራያችን ማማ ናካቶ ይኖሩባቸዋል። ቀጥሎ ወይዘሮ ትርሲት አለች፤ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ካባላጋላ ላይ ምግብ ቤት አላት። ከእርሷ ቀጥሎ ጋሽ እንድሪስ ነበሩ። ከውኃ ቧንቧው ማዶ፣ በዳር፣ እኔ አለሁ። የቀረው አንድ ክፍል ተከራይ አይበረክትለትም። እኔ በአገሬ ሳለሁ የብራና መጻሕፍት የምመረምርና የማስተምር ሰው ነበርኩ፤ ለምን እንደ መጣሁ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ካምፓላ ላይ ለሰዎች የልደትና የጋብቻ ወረቀት እየተረጎምኩ እኖራለሁ። በግቢው «መምህር» ከመባል በቀር ሌላ ስም የለኝም፤ ሌላ ስም እንዲኖረኝም አልፈለግኩም።

ጋሽ እንድሪስ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ጣታቸው ከሰውነታቸው ጋር የማይመጣጠን ረጅም ሰው ነበሩ። መሀል ከተማ፣ ከአሮጌው የታክሲ መናኸሪያ አጠገብ፣ ከአንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ በሰቀሏት ሰሌዳ የጆሮ ማዳመጫና ቻርጀር ይሸጡ ነበር። አንድም ማዳመጫ ሳይፈትሹ አይሸጡም። የጆሮውን ጫፍ በሸሚዛቸው ጠርዝ ወልውለው ግራ ጆሯቸው ውስጥ ይከታሉ፤ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ከዚያ ለገዢው ይሰጡታል። «የማልሰማውን አልሸጥም» ይሉ ነበር። ቀኝ ጆሯቸው ከልጅነት ሕመም የተነሣ አይሰማም።

የወሎ ሰው ነበሩ። ስለ ትውልዳቸው ሲጠየቁ አባታቸው የጨው ነጋዴ እንደ ነበሩ፣ እሳቸውም በንግድ እንዳደጉ ይናገራሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ሐያት ናት፤ አዲስ አበባ በአክስቷ እጅ ያደገች፣ እኔ ባወቅኳቸው ጊዜ መርካቶ ውስጥ ለታወቀ የነጋዴ ቤተሰብ ልጅ የታጨች። ዘወትር ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ትደውልላቸዋለች። ስልካቸው አንድ ጊዜ ውኃ ገብቶበት ቢጮኽም የደዋዩ ድምፅ የሚሰማው በማዳመጫ ብቻ ሆኖ ነበር፤ ቢሆንም ሊቀይሩት አይፈልጉም። «እሷን ካሰማኝ ምን ጎደለው?» ይሉ ነበር።

መቀመጥ አይችሉበትም። ቢቀመጡም እግራቸው አይቀመጥም። ቀኝ ተረከዛቸው ይነሣል፤ እሱ ሲወርድ ግራው ይነሣል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል፣ ሰው የሚያናግራቸው ጊዜም፣ ሲበሉም።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ቦዳ ላይ ነው እንዴ የተቀመጡት?» ትላቸዋለች ትርሲት፤ ቦዳ የካምፓላ የሞተር ብስክሌት ታክሲ ነው። «ማርሽ እየቀያየሩ እኮ ነው!»

«አዎ፤ አንቺ ከምታሳርሪው ምስር ወጥ እያመለጥኩ ነው።»

«ኧረ! የትናንቱን ሳህን ማን ነው የላሰው ታዲያ?»

«ጨለማ ነበር። መብራት ስለ ሌለ ምን እንደምበላ አላየሁም።»

ማማ ናካቶ አማርኛውን ባይሰሙም ሳቁን ይሰሙና ከበራቸው ላይ ሆነው አብረው ይስቃሉ። እኔ ከመስኮቴ ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። ያ ግቢ ያን ጊዜ እንደዚያ ነበር።

በፈረንጆቹ 2020 ወረርሽኙ መጥቶ ከተማው ሲዘጋ፣ ቦዳውም ታክሲውም ቀጥ ሲል፣ ጋሽ እንድሪስ ሰሌዳቸውን ነቅለው፣ ያላቸውን ዕቃ በሙሉ አንድ ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቀው፣ ጆንያውን ተሸክመው በእግራቸው መጡ። በማግሥቱ ግቢው መሀል ምንጣፍ አንጥፈው ገለበጡት። ከመቶ የሚበልጥ ማዳመጫ ጥቁሩ ከነጩ፣ ነጩ ከቀዩ ተጠላልፎ የአንድ በግ ያህል ድቡልቡል ሆኖ ወጣ።

«በስመ አብ!» አለች ትርሲት። «ይሄ የሰይጣን ጸጉር ነው!»

«የማንም ጸጉር ይሁን፤ የምበጥረው እኔ ነኝ» አሉና ጎንበስ አሉ።

አፈታታቸውን ለማየት ወንበሬን ወደ በሬ አወጣሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አድርጌ አላውቅም። ገመድ አይጎትቱም። ቋጠሮውን በሁለት ጣት ያዝ አድርገው ያላሉታል፤ ያወዛውዙታል፤ ጥቂት ይጠብቁታል፤ ራሱ መንገዱን ሲያሳይ ጫፉን ይከተላሉ። ነጻ የወጣውን ደግሞ በአውራ ጣታቸውና በትንሿ ጣታቸው መካከል እንደ ፈረንጅ ስምንት ቁጥር እያመሳቀሉ ይጠመጥሙታል። ክብ አድርጎ የጠመጠመ ሰው ገመዱን ያከርረዋል፤ የተመሳቀለ ግን ቢተረትሩት አይከርም። «ገመድ የሚተበተበው» አሉኝ ቀና ሳይሉ፣ «ሲነኩት አይደለም መምህር፤ ሲተዉት ነው።» ሌላ ሰው ሲናገረው ሰምቼ አላውቅም፤ የራሳቸው ነበር።

ያንን አጠማጠም ዐውቀው ነበር። በወጣትነቴ የብራና መጽሐፍ የሚለበድበትን ጨርቅ ላጠና አንድ ክረምት ሙሉ ሸማኔዎች መንደር ተመላልሻለሁ። ድር ሲያደሩ እንዲህ ያመሳቅላሉ። ዐይኔን ወደ እግራቸው አወረድኩ፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። በሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ፣ መርገጫ ላይ ያለ እግር ነበር። አንድ የጠፋ የብራና ቅጠል ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ተገነጠለ የደረሰበት ሰው የሚሰማው ዓይነት ደስታ ተሰማኝ። ስለዚያ ደስታ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

በማግሥቱ ትርሲት ከቧንቧው ባልዲዋን እየሞላች፣ «መምህር፣ ሰውዬው ግን ምን ዓይነት እጅ ነው ያላቸው? ማሽን እኮ ናቸው!» አለችኝ።

«የሸማኔ እጅ ነው» አልኳት። «እግራቸውንም ተመልከቺ፤ መርገጫ ላይ ነው ያለው።»

በዚያ ሳምንት ከተናገርኩት ሁሉ ረጅሙ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ትርሲት ባልዲዋን ይዛ ሣቀች። «ሸማኔ! የጨው ነጋዴው ልጅ!» አለች። ሣቋ ክፋት አልነበረበትም። እኔም አስተያየቴ ትክክል መሆኑን በማረጋገጤ ረክቼ ወደ ክፍሌ ገባሁ። በአገራችን ሸማ የለበሰ ሁሉ የሠራለትን ሰው እንዴት አሳንሶ እንደሚያይ የማላውቅ አልነበርኩም። አውቅ ነበር፤ ጽፌበታለሁም። ያን ጠዋት ግን ትዝ አላለኝም።

ምግብ ቤቷ ስለ ተዘጋ ትርሲት ቀኑን የምትገፋው በስልክ ነበር። ነገሩን ለአንዲት ጓደኛዋ እንደ ቀልድ ነገረቻት። ጓደኛዋ ለባሏ ነገረችው። ባልየው ከመርካቶ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አላውቀውም፤ አጭር መንገድ መሆኑን ብቻ ዐውቃለሁ።

የሐያት እጮኛ አጎት ሲደውሉ ጋሽ እንድሪስ ግቢው መሀል ቆመው ነበር። እኛ የሰማነው «አዎ» ሲሉ ነው። ከዚያ «አይ» አሉ። ማዳመጫውን ከጆሯቸው አወጡ፤ ገመዱን ሳይጠመጥሙ ኪሳቸው ውስጥ ወተፉት፤ ገብተው በራቸውን ዘጉ። ከሦስት ቀን በኋላ ወጥተው ትርሲትና እኔ ባለንበት ቆሙ።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አሉ። «እኔን ሸማኔ ነው ብሎ ያወራው ማን ነው?»

ትርሲት ባልዲዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ሐሰት ነው አላልኩም። ማን ነው ነው ያልኩት። የልጄን ቀለበት መልሰዋል። ቀለበቱስ ይቅር። ልጄ ግን የአባቷን ሥራ ከባዕድ አፍ ሰማች። እኔ አልነገርኳትም ነበር። ከእኔ መስማት ነበረባት።»

ትርሲት ዞራ አየችኝ። እኔ ቧንቧውን አየሁ፤ በደንብ አልተዘጋም ነበርና ይንጠባጠባል። አፌን የከፈትኩ ይመስለኛል። ምናልባት አልከፈትኩም።

«እኔ ነኝ፣ ጋሽ እንድሪስ» አለች ትርሲት። «ለጓደኛዬ ቀልጄ ነው። አፉ ይበሉኝ።»

«አንቺስ ከማን ሰማሽ?»

«ከማን እሰማለሁ? ዐይን የለኝም እንዴ? አየሁዋ።»

እሷን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያም እኔን አዩኝ፤ ለአጭር ጊዜ። ተመልሰው ገቡ።

«ለምን?» አልኳት ሲሄዱ።

ባልዲዋን እያነሣች፣ «ወሬውን ያወራሁትማ እኔ ነኝ፤ ምን ዋሸሁ?» አለች። «የእርስዎን ግን እርስዎ ይንገሯቸው። እኔ በሰው አፍ አልገባም።»

እነግራቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ነገ። ዓርብ ሲያልፍ። እጽፍላቸዋለሁም አልኩ፤ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ሦስቱም ዓረፍተ ነገራቸው ያማረ፣ ፍሬያቸው የሌለ ሆኑብኝና ቀደድኳቸው።

ሐያት መደወሏን ተወች። ዓርብ በመጣ ቁጥር ጋሽ እንድሪስ ከሶላት በኋላ ግቢውን ከቧንቧው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ቧንቧው ይለኩታል። ስልክ የትም ቢጮኽ፣ የማማ ናካቶም ቢሆን፣ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ይገባል። እኔም ከመስኮቴ ጀርባ አብሬያቸው እንቆራጠጥ ነበር። የተረጎምኩትን ወረቀት ደግሜ እተረጉማለሁ፤ የአንዱን ሰው ስም በሌላው ላይ እጽፋለሁ። ሱቆች ከተከፈቱ በኋላም ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ወደ ሰሌዳቸው አይሄዱም ነበር፤ ጫጫታው ጥሪውን ይውጥብኛል ብለው። በራሳቸው ደውለውም ያውቃሉ፤ አታነሣም።

ከትርሲት ጋር ሰላምታቸው አንገት ነቅንቆ ማለፍ ሆነ። ቀደም ሲል በረመዳን ጊዜ የምስር ሳምቡሳ ትልክላቸውና ሳህኑን በሙዝ ሞልተው ይመልሱላት ነበር። አሁን ሳህኑ እንደ ተከደነ ተመለሰ። ያኔ በሯ ላይ ቆማ ወደ እኔ አልተመለከተችም፤ ብትመለከት ይሻለኝ ነበር።

በአዲሱ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ በ2021 ማለቴ ነው፣ አንድ ዓርብ ስልካቸው ጮኸ። እኔ ውኃ እየቀዳሁ ነበር። ቁጥሩን አይተው፣ «ሐያት!» አሉ፤ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ማዳመጫውን ሲያወጡት በስምንት ቦታ የተቋጠረ ጓል ሆኖ ወጣ። መቶውን የፈቱት ጣቶች ይህን አንዱን መፍታት አቃታቸው፤ እንደ ማንኛውም ሰው ይጎትቱት ጀመር፤ በጎተቱት ቁጥር ጠበቀ። ስልኩን እንዲሁ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «ሐያት፣ አልሰማሽም፣ አትዝጊው! ሐያት!» እያሉ ጮኹ። ተዘጋ። ደወሉላት፤ አልተነሣም።

ባዶውን ስልክ ይዘው ለጥቂት ጊዜ ቆሙ። «የሰውን ፈታሁ» አሉ ለእኔም ለማንም ሳይሉ። «የራሴን ኪሴ ውስጥ ትቼ።»

ጋሽ እንድሪስ በማግሥቱ ጠዋት መሥራት ጀመሩ። መጀመሪያ የሳሙና ካርቶን ቆርጠው በሁለት ወገን ጫፉን ሰነጠቁት፤ ገመዱን ጠመጠሙበት፤ የዝናቡ እርጥበት በሳምንት አለሰለሰው። ቀጥለው በእግራቸው ካትዌ ድረስ ሄደው ከብረት ሠራተኞቹ መንደር ቁርጥራጭ ቆርቆሮ ለቅመው መጡ፤ ጠርዙ የገመዱን ቆዳ ላጠው። «ብረት ገመድ ይበላል» ብለው ጣሉት። በመጨረሻ ማማ ናካቶ የተሰነጠቀ ቢጫ የውኃ ጀሪካን ሊጥሉ ሲያወጡ ጋሽ እንድሪስ ከእጃቸው ተቀበሏቸው።

ያን ቀን ጠሩኝ። «መምህር፣ እጅ ያበድሩኝ።»

ቢላዋውን የከሰል ምድጃው ላይ ያግላሉ፤ እኔ ፕላስቲኩን ከጣውላ ላይ አጥብቄ እይዛለሁ፤ እሳቸው ይቆርጣሉ። አንድ መዳፍ የሚሞላ ርዝመት፣ ሁለት ጣት የሚሆን ስፋት። ሁለቱ ጫፎች እንደ ዓሣ ጅራት ወደ ውስጥ ተቀደዱ፤ ገመዱ የሚቀመጠው በዚያ ነው። በአንዱ ጎን ስልኩ ውስጥ የሚገባው ጫፍ የሚሰካባት ጠባብ ስንጥቅ፤ በሌላው ጎን የጆሮዎቹ ጫፎች የሚያድሩባቸው ሁለት ቀዳዳዎች። ከላይ ከቦዳ ቦዳ የውስጥ ጎማ የተቆረጠች ቀለበት ትጠልቅና ሁሉን ታስራለች። ምንም አልተገዛም። ጠርዙን በድንጋይ አለሰለሱ፤ ገመዱን እያመሳቀሉ ጠመጠሙ፤ የጎማውን ቀለበት አውልቀው ጫፉን ሳቡ። ወረደ።

መዳፋቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ ዘረጉት። «ይህ በእኛ ቤት መወርወሪያ ይባላል» አሉ። «ያውቁታል አይደል፣ መምህር?»

«ዐውቀዋለሁ» አልኩ፤ ሸማኔ ፈትሉን በድሩ መሀል የሚያሻግርበት ዕቃ ነው።

«ማወቅዎንስ ዐውቃለሁ።»

ሌላ ሥራ አልጀመሩም፤ ቢላዋውንም አላነሡም። እግራቸው ብቻ ቀኝ፣ ግራ ይላል። ከግንቡ ማዶ አንድ ሮሌክስ የሚሉትን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል የሚሸጥ ሰው እንቁላል ሲመታ ይሰማል። መናገሪያዬ ሰዓት ያ ነበር፤ በሩን ከፍተውልኝ፣ ከደፉ ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር። ምላሴ ላይ ደርሷል።

«ቢላዋው ቀዘቀዘ» አልኩ።

አዩኝ። «አዎ፤ ቀዘቀዘ» አሉና መልሰው ምድጃው ላይ አኖሩት።

ከአንድ ጀሪካን ብዙ መወርወሪያ ወጣ። ለሰሌዳቸው ዕቃ ሁሉ አበጁ፤ በጫማ ካርቶን ውስጥ በካርቶን ግድግዳ ቤት ቤት ከፍለው ደረደሯቸው። ማዳመጫ ለገዛ ሁሉ አንዳንድ በነጻ ይሰጡ ጀመር፤ ማዳመጫ ኖሮት መወርወሪያውን ብቻ ሊገዛ የሚመጣም ነበር። ማማ ናካቶ «ሰቦ እንዲሪሲ፣ ቀጥሎ ደግሞ የጣራዬን ታንከር እንዳትቆርጠው!» እያሉ ይስቁባቸዋል፤ ሰቦ ማለት በአገሬው ቋንቋ ጌታዬ እንደ ማለት ነው። የራሳቸውን ግን አይሸጡም። ከበራቸው ጀርባ ምስማር ላይ ሰቅለውታል። በቀን ብዙ ጊዜ ያወርዱታል፤ ይስባሉ፤ ይጠመጥማሉ፤ ይሰቅላሉ። ሰው ነገ ለሚሮጠው ሩጫ ዛሬ እንደሚለማመድ።

ከተማው ለሁለተኛ ጊዜ በተዘጋበት በዚያው ዓመት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት አንድ ዓርብ፣ ስልኩ ጮኸ። ትርሲት በሯ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች፤ እኔ ዝናቡ ይዞኝ ከእሳቸው ጣራ ጫፍ ሥር ቆሜአለሁ። ጋሽ እንድሪስ ከምስማሩ አወረዱ፤ የጎማውን ቀለበት በጥርሳቸው ነቀሉ፤ ሳቡ። ሁለተኛው ጥሪ ሳይጮኽ ግራ ጆሯቸው ውስጥ ነበር።

«ሐያት!»

የእሷን ድምፅ አንሰማም። የእሳቸውን ነው የሰማነው፤ ዝናቡን ለማሸነፍ ስለሚጮኹ ግቢው ሁሉ ሰምቷል።

«አዎ… አዎ ልጄ… እውነት ነው። ሸማኔ ነኝ።» ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ሸማኔ ነኝ! አባቴም ሸማኔ ነበር። ጨው ነግዶ አያውቅም፤ ጨው ገዝቶ ነው የሚበላው… እናትሽ ለኒካሗ የለበሰችው? እኔ ነኝ የሠራሁት። በዚህ እጄ… ደበቅኩሽ። ፈርቼ ነው። አንቺ እንዳታፍሪ ብዬ፣ አይ፣ ውሸት ነው፤ እኔ እንዳላፍር ብዬ ነው።»

የትርሲት ቢላዋ ቆመ። ጋሽ እንድሪስ ያዳምጣሉ፤ ዐይናቸውን ጨፍነዋል፤ ማዳመጫ ሲፈትሹ እንደሚያደርጉት።

«ማን እንዳወራውማ…» አሉ በመጨረሻ፤ ጀርባቸውንም ሰጡኝ። «እሱን ተዪው። እሱ ራሱ ይመጣል።»

ትርሲት ቀና ብላ አላየችኝም። ልትልጥ የያዘችው ሽንኩርት ከእጇ ወርዶ በጎርፉ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሐያት በየዓርቡ ትደውል ነበር። ጋሽ እንድሪስ ለጠየቃቸው ሁሉ ሥራቸውን ይናገሩ ጀመር፤ ላልጠየቃቸውም። እግራቸው ግን አላረፈም። «መርገጫውን ፈልጎ ነው፤ ዝም ብዬ አስቸገርኩት» አሉኝ። በ2022 አገራቸው ሊገቡ ቆረጡ። ትርሲት ስታለቅስ «ደኅና ሁኚ» ብቻ አሏት፤ ጨካኝ ናቸው ብዬ ተቆጣሁ፤ በእሳቸው ላይ ለመቆጣት ምን መብት እንዳለኝ ራሴን አልጠየቅኩም። እኔ ክፍል በር ላይ ቆመው የራሳቸውን መወርወሪያ ሰጡኝ። ጠርዙ ከመዳበስ ብዛት ለስልሷል።

«ገመድ የሚተበተበው» አሉ፤ ሳይጨርሱት ፈገግ ብለው ሻንጣቸውን አነሡ።

እስከዚህ ድረስ ከጻፍኩ በኋላ ዛሬ ጠዋት መወርወሪያውን ይዤ ወደ ግቢው ወጣሁ። ትርሲት ከቧንቧው ሥር ትላልቅ ድስቶቿን ታጥባለች።

«ትርሲት፣ ጋሽ እንድሪስ ዐርፈዋል» አልኳት።

እርጥብ እጇን ራሷ ላይ ጣለች። «መቼ? ማን ነገረዎት?»

«ልጃቸው። መልእክቱ አላለቀም። አብረሽኝ ስሚው።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ገመዱን ሳብኩ፤ ወረደ። ከሁለቱ የጆሮ ጫፎች አንዱን ለእሷ ሰጠሁ፤ አንዱን እኔ ያዝኩ፤ ገመዱ አጭር ስለ ሆነ ትከሻችን ተነካካ። ከመጀመሪያው አስጀመርኩት።

«…አባቴ ወደ አኼራ ከሄደ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ግቢዬ ውስጥ የሸማኔ ጉድጓድ ቆፍሮ እስከ መጨረሻው ሲሠራ ነበር። ከሁሉ በኋላ የጨረሰው ነጠላ ለእትዬ ትርሲት ነው፤ ሰው ሲመጣ እልካለሁ። ‹አውፍ በይኝ በያት› ብሎኛል። ‹የሰው ሸክም ተሸክማ ዐየኋት፤ አውርጂው ማለት ሲገባኝ ፊቴን ነሣኋት› ብሏል። ለመምህርስ ምን ልላክ ስለው፣ ‹ለመምህር አትላኪ፤ የሚናገሩት አላቸው፤ እስኪናገሩ ጠብቂያቸው› አለኝ። እየጠበቅኩ ነው፣ መምህር።»

እዚያ ላይ አለቀ። ትርሲት ማዳመጫውን ከጆሯ አላወጣችም። በእርጥብ እጇ ጀርባ ፊቷን ጠረገችና፣ «አወቁ ማለት ነው» አለች። «ያን ጊዜውኑ አውቀዋል።»

«አዎ።»

«ታዲያ እርስዎ ምን ይጠብቃሉ?»

ለመነሣት ስትል፣ «አትሂጂ፤ እዚሁ ሁኚ» አልኳት። ተቀመጠች። ቧንቧው ይንጠባጠባል፤ ዛሬም በደንብ አልተዘጋም። ተረከዜ ሲነሣና ሲወርድ ያየሁት ያኔ ነው። ስልኩን ወደ አፌ አቀረብኩ፤ የድምፅ ምልክቱን ተጫንኩ፤ ጣቴን አላነሣሁም።

«ሐያት፣ ልጄ» አልኩ፤ «አባትሽን ሸማኔ ናቸው ያልኩት እኔ ነኝ።»